የአሥራ ሁለተኛው መስመር ቃርሚያ

ገብረወልድ በዕድሜው ያልጠበቀው ነገር የለም። የመንግሥት እርሻ መጋዘን ጠብቋል፣ የሲሚንቶ ክምር ጠብቋል፣ ባለቤቱ ዱባይ የቀረበትን አዳማ የሚገኝ ባዶ ቪላም ሁለት ዓመት ሙሉ ጠብቋል። የሚጠብቀው ነገር ምን እንደሆነ ሳይነገረው ሲጠብቅ ግን ይህ የመጀመሪያው ነው።

ከአዳማ ወደ ሁሩታ በሚወስደው መንገድ ዴራ ታለፈና ከአስፋልቱ ወደ ውስጥ ትንሽ ገባ ሲባል፣ በሁለት ዙር ሽቦ የታጠረ ሩብ ሄክታር የበቆሎ ማሳ አለ። በሩ ላይ የተሰቀለው ሰሌዳ የድርጅቱን ስም፣ የአጋሮቹን ዓርማና የፕሮጀክቱን ቁጥር ደርድሮ ሲያበቃ፣ ከታች በቀይ ቀለም «መግባት ክልክል ነው» ይላል። ስለ በቆሎው አንዲት ቃል አይተነፍስም። በቆሎው የተዘራው ሰው ሁሉ ማሳውን ባዶ በሚያደርግበት በታኅሣሥ ነበር። ከጉድጓድ በሚሳብ ውኃ አደገና፣ ጎረቤት ገበሬ ገና ሰማይ ሰማይ በሚያይበት በግንቦት ደረሰ።

«ያለ ወቅቱ የሚዘራው ለምንድን ነው?» ብሎ ጠይቆ ነበር ገብረወልድ፣ የተቀጠረ ሰሞን።

«ከሌላ ሰው በቆሎ ጋር እንዳይዳቀል» አለው ኃላፊው ልዑልሰገድ። ልዑልሰገድ ሠላሳ አራት ዓመት የሆነው፣ ፈጣን፣ ጫማውን በቀን ሦስት ጊዜ የሚያጸዳ የእርሻ ባለሙያ ነው። «ምርጥ ዘር ነው፣ ጋሼ። አንዲት ፍሬ ከአጥር እንዳትወጣ።»

ገብረወልድ «ምርጥ ዘር» ሲባል የገባው ሌባ ይፈልገዋል ማለት ነው። ሌባ ደግሞ እንዴት እንደሚጠበቅ እሱን ማስተማር አያስፈልግም። ስለዚህ አምስት ወር ሙሉ ሌባ ጠበቀ፤ አንድም ሌባ አልመጣም። የመጣችው ቀመሪያ ነበረች።

ሐሙስ ዕለት አጫጆች ከአዳማ በመኪና መጥተው በቆሎውን ሰበሰቡ። እያንዳንዱ አገዳ ቁጥር ነበረው፤ እያንዳንዱ ራስ በቆሎ ተቆጥሮ፣ ማኅተም ባለው ጆንያ ገብቶ፣ ከሰዓት በኋላ በዝግ መኪና ተጫነ። አሥራ ሁለተኛው መስመር ብቻ በሚያዝያው ነፋስ ተጋድሞ ስለነበር፣ አጫጆቹ የተጠላለፈውን አገዳ ሳያነሱ በላይ በላዩ ለቅመው ሄዱ። ልዑልሰገድ ይህን አይቷል። «ማክሰኞ አገዳው ከመቃጠሉ በፊት ራሴ መጥቼ የቀረውን እለቅማለሁ» አለ። ይህን ሲል ግን ስልክ እያናገረ ነበርና ገብረወልድ የሰማው አገዳው ማክሰኞ እንደሚቃጠል ብቻ ነው።

አርብ ጠዋት ቀመሪያ ከሽቦው ወዲያ ቆማ «ጋሼ ገብረወልድ፣ አካም ጅርቱ?» አለች።

«ነጋዳ፣ ቀመሪያ። ደህና ነሽ? ኢፍቱስ?»

«አልሐምዱሊላህ። ጤና ጣቢያ ካስገባኋት ሁለተኛ ሳምንቷ ነው። ቀኗ ደርሷል።»

ቀመሪያ ባሏ ከሞተ ወዲህ ሰው ቤት ልብስ እያጠበች አንድ ልጇን ያሳደገች ሴት ናት። ኢፍቱ አሥራ ዘጠኝ ዓመቷ ነው፣ የመጀመሪያዋ ነው። ቤታቸው ከመንገድ ስለሚርቅ ምጥ እስኪመጣ በጤና ጣቢያው የእናቶች ማቆያ ቤት ተቀምጣለች። በዚያ ቤት ደንቡ የታወቀ ነው። ነፍሰ ጡር ያስገባ ቤተሰብ ሁሉ ለገንፎ የሚሆን ዱቄት ያመጣል። ዱቄቱ ሁሉ አንድ በርሜል ውስጥ ይገለበጣል፤ ከዚያ በኋላ የትኛው የሀብታም፣ የትኛው የደሃ እንደሆነ አይታወቅም። ደንቡን ያወጡት ሴቶቹ ራሳቸው ናቸው፣ ማንም በማንም ፊት እንዳያፍር ብለው።

«ባዶ እጄን መመላለሱ አሳፈረኝ» አለች ቀመሪያ። ዓይኗ የተጋደመው መስመር ላይ ነበር። «ከዚያ ከወደቀው ሥር ልቃርም፣ ጋሼ። ለኢፍቱ ገንፎ ነው። አገዳውን አልነካም።»

ገብረወልድ ሰሌዳውን አየ። አንዲት ፍሬ እንዳትወጣ ተብሏል። ነገር ግን ቃርሚያ መቼ ሌብነት ሆኖ ያውቃል? ባለማሳው እህሉን አንስቶ ከሄደ መሬት ላይ የቀረው የእግዜር ነው፤ የድሃ ነው። እሱ ባደገበት በመንዝም፣ እነ ቀመሪያ ባደጉበት በአርሲም፣ ቃራሚ የሚያባርር ዘበኛ ስሙ በየገበያው ይነሳል። ሰዎቹ በቆሏቸውን ቆጥረው ወስደዋል። የተረፈው ደግሞ ማክሰኞ በእሳት ሊነድ ነው። እህል በሚወደድበት በግንቦት እህል ማቃጠል ራሱ ምን የሚሉት ነገር ነው?

በሩን ከፈተላት። አጎንብሳ አገዳውን ስትገልጥ ቆሞ ማየቱ ደበረውና ማዳበሪያ ያዘላት። ሲወጡ ማዳበሪያው ከግማሽ በላይ ሞልቶ ነበር። ገብረወልድ ያን ቀን ምሳውን በደስታ በላ፤ እውነቱን ለመናገር ራሱን እንደ ጥሩ ሰው ቆጥሮት ነበር።

ማክሰኞ ጠዋት ልዑልሰገድ መጣና አሥራ ሁለተኛው መስመር ውስጥ ተንበረከከ። አገዳ ያነሳል፣ ቁጥር ያያል፣ ወረቀቱ ላይ ያያል። ብዙ ቆየ። ሲነሳ ፊቱ አመድ መስሎ ነበር።

«ሃምሳ ሰባት ራስ የለም» አለ።

«እንዴት?»

«አንድም የለም። ተሸልቅቆ ተወስዷል።» ድምፁን ዝቅ አደረገ፤ የሚሰማቸው ሰው ግን አልነበረም። «ጋሼ፣ ይሄ በቆሎ የሚበላ አይደለም። ያልነገርንዎት ወሬ እንዳይነዛ ብለን ነው። ፍሬው ውስጥ መድኃኒት እንዲያፈራ ተደርጎ በላቦራቶሪ የተሠራ ነው። ከፍሬው ተጨምቆ የሚወጣ፣ ደም እንዳይረጋ የሚያደርግ የልብ ሕመምተኞች መድኃኒት። ሰው በልቶት አያውቅም። ቢበላው ምን እንደሚሆን የሞከረ የለም፤ እንዲሞከርም አልተፈቀደም።»

ገብረወልድ አንዱን ቃል ለራሱ ደገመው። ደም እንዳይረጋ። ቀመሪያ አጎንብሳ ስትቃርም፣ እሱ ማዳበሪያውን ከፍቶ ሲይዝ፣ ለኢፍቱ ገንፎ ነው ስትለው ታየው። መናገር ነበረበት። አፉንም ከፍቶ ነበር። ግን ስድሳ ሁለት ዓመቱ ነው፤ ከዚህ በኋላ የሚቀጥረው የለም፤ ደግሞም እስር ቤት የሚባል ነገር አለ። ከአፉ የወጣው ሌላ ነው።

«አውሬ... ጃርት ቢበላውስ?»

ልዑልሰገድ ቀና አለ። ሊሰጥም የነበረ ሰው እግሩ መሬት ሲነካ እንዲህ ቀና ይላል። «ጃርት አለ እንዴ እዚህ? አይተዋል?»

አንዲት «አላየሁም» ትበቃ ነበር።

«አይቻለሁ» አለ ገብረወልድ። «ትናንት ከአጥሩ ሥር።»

«ጃርት በቆሎ ይወዳል» አለ ልዑልሰገድ፤ እየጻፈ ነበር። ጽፎም እዚያው በስልኩ ፎቶ አንስቶ ላከው። ሠራተኞቹ አገዳው ላይ ነዳጅ መርጨት ሲጀምሩ ገብረወልድ «ሆዴን አመመኝ» ብሎ ወጣ። መዋሸቱም አልነበረም።

የቀመሪያ ስልክ አይነሳም። መንገድ ላይ ባገኘው ባጃጅ ቤቷ ደረሰ። በሩ ተቆልፏል። ግቢው ውስጥ የተፈለፈለ ቆረቆንዳ ለማገዶ በፀሐይ ተሰጥቷል። ሊቆጥረው ጀመረና ምን ይሠራልኛል ብሎ ተወው። ጎረቤቷ ከአጥር ብቅ ብላ «ቀመሪያን ነው? ጤና ጣቢያ ናት። ኢፍቱ እኮ ሌሊቱን አምጣ ጎህ ሲቀድ ወለደች፣ ሴት ልጅ!» አለችው።

«በቆሎውስ?» አለ ገብረወልድ።

ሴትዮዋ ግራ ገብቷት አየችው። እንኳን ማርያም ማረቻት የሚባልበት ሰዓት ነበር። «የቱ በቆሎ? ቅዳሜ ያስፈጨችው? እሱማ እሁድ ጠዋት ወሰደችው።»

ተመልሶ ባጃጁ ውስጥ ገባ። እሁድ ጠዋት። እሁድ፣ ሰኞ፣ ዛሬ። ሾፌሩን ባለ በሌለ ኃይሉ እንዲነዳ ለመነው። መንገዱ ላይ ከብት ሲያጋጥማቸው ገብረወልድ ወርዶ በዱላው ነዳ። «ምናልባት አልተነካም ይሆናል» ይላል ለራሱ፤ «ከሌላው ሥር ተቀብሮ ይሆናል። በርሜሉ ጥልቅ ነው።» እንዲህ እያለ ሲያስብ የበርሜሉን ጥልቀት አይቶት እንደማያውቅ ትዝ አለው።

የእናቶች ማቆያው ከጤና ጣቢያው በስተጀርባ ያለ ስድስት አልጋ የሚይዝ ክፍል ነው። ጓሮው ላይ የቆርቆሮ ማድ ቤት አለ። ገብረወልድ ሲገባ አምስት እርጉዝ ሴቶች ጥላ ውስጥ ቁጭ ብለዋል፤ ገንፎው ወጥቶ በትልቅ ገበታ መሐላቸው ተቀምጧል፣ መሐሉ ተጎድጉዶ ቅቤና በርበሬ ገብቶበታል። ቀመሪያ ማማሰያውን ይዛ ቆማለች። እሱን ስታይ ፊቷ በራ።

«ጋሼ! በእግርዎ ነው የመጡት? ወለደችልኝ እኮ! ኑ፣ ይቅመሱ!»

«አትብሉት» አለ ገብረወልድ።

ሴቶቹ እጃቸውን ሰበሰቡ። ገብረወልድ ወደ በርሜሉ አየ። «ዱቄቱ... ነቀዝ አለበት።» እንዴት ያለ የማይረባ ውሸት እንደሆነ ራሱ ሰማው።

«ነቀዝ?» ቀመሪያ ሳቀች፤ ከዚያ ተቀየመች። «ከእኔ ዱቄት ነው? ቅዳሜ ያስፈጨሁት ዛሬ ነቀዘ? ምነው ጋሼ፣ በሰው ፊት!»

«ቀመሪያ፣ ያንቺ የት አለ? የትኛው ነው?»

«የትኛው ምን ይላሉ? ሁሉም አንድ ላይ ነው። ራሴ አማስዬዋለሁ ከሥር እስከ ላይ።»

ሊናገር ሲል የማዋለጃው ክፍል በር ተከፈተና ሲስተር ኤቢሴ ወጣች። አዋላጅ ነርሷ ናት፤ ወፍራም፣ ቀልደኛ፣ ለሴቶቹ ሁሉ እህት የሆነች። አሁን ግን አልቀለደችም። ጓንቷ እስከ አንጓዋ ደም ነበር።

«ቀመሪያ፣ ሌላ ጨርቅ አምጪልኝ» አለች። «ደሟ ቆሞ ነበር፣ ተመልሶ መጥቶ አልቆም አለኝ። ሁለተኛ መርፌ ሰጥቻታለሁ።»

ገብረወልድ ከዚያ በኋላ የተናገረውን ሲናገር ራሱን አልሰማም። ሴቶቹ እንደሚሉት ግን ጮኾ ነው የተናገረው። በቆሎው የሚበላ እንዳልሆነ፣ ደም እንዳይረጋ የሚያደርግ መድኃኒት እንዳለበት፣ ዘበኛው እሱ እንደሆነ፣ በሩን የከፈተው እሱ እንደሆነ። ማማሰያው ከቀመሪያ እጅ ወደቀ። ከሴቶቹ አንዷ፣ በጣም የገፋችው፣ ሆዷን በሁለት እጇ ያዘችና «ሁለት ቀን በልተናል» አለች።

ኤቢሴ አላለቀሰችም፣ አልተሳደበችም። «ምን የሚባል መድኃኒት?» አለች።

«አላውቅም።»

«ስሙን ካላወቅሁ ማርከሻውን አላውቅም። የሚያውቅ ሰው ጥራልኝ። አሁን!»

ስልኩን ደውሎ ሰጣት፤ እጇ ደም ስለነበር ድምፁን ከፍ አድርጎ ያዘላት። ልዑልሰገድ ወዲያው አነሳ። ከጀርባው አገዳ ሲንጣጣ ይሰማል። ኤቢሴ ነገሩን በሦስት ዓረፍተ ነገር ነገረችው።

ከዚያ ልዑልሰገድ በሚጠነቀቅ ድምፅ፣ «ሲስተር፣ ስሕተት ይኖራል። ከእኛ ማሳ ወደ ሰው የሄደ ነገር የለም» አለ። «የጎደለውን አውሬ ነው የበላው። ጃርት። ሪፖርት ተደርጓል፣ ተልኳል።»

ኤቢሴ ወደ ገብረወልድ ዞረች። ሴቶቹም ዞሩ። ቀመሪያ ግን ወደ ስልኩ ነበር የምታየው፤ ሰውየው የሚለው እውነት እንዲሆን የምትለምን መሰለች። ለአፍታ ገብረወልድም ያንኑ ተመኘ። አውሬውን ፈጥሮት ነበር፣ ጽፈውለት ነበር፣ ተልኮለት ነበር፤ ዝም ቢል ጃርቱ በሕይወት ይኖራል።

«ልዑልሰገድ» አለ። «አቶ»ውን ረስቶታል። «ጃርት የለም። ጃርት አላየሁም። ቀመሪያን በር ከፍቼ ያስገባሁ እኔ ነኝ፣ ማዳበሪያ የያዝኩላት እኔ ነኝ።»

«ጋሼ፣ ከሁለት ሰዓት በፊት አይቻለሁ ብለው—»

«ዋሸሁህ። አንተም ውሸት እንደሆነ ልብህ እያወቀ ጻፍከው።»

እሳቱ ተንጣጣ። «ገንፎ እኮ ይበስላል» አለ ልዑልሰገድ፤ ድምፁ ቀጥኗል። «ሲበስል ኃይሉ ይጠፋል። ፕሮቲን ነው።»

«ታውቃለህ ወይስ ትገምታለህ?» አለ ገብረወልድ።

ስልኩን ወደ አፉ አስጠጋ።

«ልጄ፣ ስማኝ። ሥራህንም ሥራዬንም እርሳው። አንዲት ልጅ ደሟ እየፈሰሰ ነው። ስሙን ንገራት። ስሙን ብቻ።»

ኤቢሴ ጓንቷን አውልቃ እስክሪብቶ ይዛለች። ከዚያ ልዑልሰገድ ስሙን ተናገረ፤ ፊደል በፊደል፣ ሁለት ጊዜ። ኤቢሴ መዳፏ ላይ ጻፈችው። «ማርከሻ አለው» አለ ልዑልሰገድ። «እዚያ አታገኚውም። ወደ አዳማ አውጧት። ሰነዱን ይዤ ሆስፒታል እደርሳለሁ።»

አምቡላንሱ ኢፍቱንና በጣም የገፋችውን ሴት ጫነ፤ አራቱ በሌላ መኪና ተከተሉ። ኤቢሴ ከመውጣቷ በፊት ማድ ቤቱን ቆልፋ ቁልፉን ጡቷ ሥር ሸጎጠችው። ገብረወልድ ከሾፌሩ ጎን ተቀመጠ። ከኋላ የኤቢሴ ድምፅ ይሰማል፤ «ኢፍቱ፣ አትተኚ፣ አናግሪኝ፣ ስሟን ማን አልሻት?» ትላለች። ቀመሪያ አራሷን ሕፃን አቅፋ ከኋላ ናት። ገብረወልድ ወደኋላ መዞር ፈራ። መንገዱ ዳር ገበሬዎች በበሬ ያርሳሉ፤ በቆሎ ሊዘሩ ነው። በየማሳው ዳር ያለውን የዘር ቋጠሮ አንድ በአንድ ይቆጥራል። ቀመሪያ ከቃረመችው ላይ ለዘር ያስቀረችው ይኖር ይሆን? ለሰው የሰጠችውስ? ወፍጮ ቤቱስ፣ ከእሷ ቀጥሎ ማን ነበር ያስፈጨው?

ሆስፒታል ኮሪደር ላይ ልዑልሰገድን አገኙት፤ በአቋራጭ መጥቶ ቀድሟቸዋል። ያ ንጹሕ ጫማው ጥላሸት ለብሷል። ሰነዱን ለሐኪሟ ሰጠ፣ ማብራሪያ ሲጠየቅም አላንገራገረም። ደም ያስፈልጋል ሲባል ገብረወልድ እጅጌውን ሰብስቦ ቀረበ። «አባባ፣ ግፊትዎ ከፍ ብሏል፤ አይሆንም» አሉት። ልዑልሰገድ ሰጠ፤ ኤቢሴም ሰጠች።

ከዚያ መጠበቅ ነው። ገብረወልድ መጠበቅ የሚችል ይመስለው ነበር። አግዳሚው ላይ ተቀምጦ የኮሪደሩን ሰሌዳ ሃያ ጊዜ አነበበ። ልዑልሰገድ ክንዱ ላይ ጥጥ ይዞ አጠገቡ ተቀመጠ።

«የጃርቱን ሪፖርት ሐሰት ነው ብዬ ጽፌአለሁ» አለ። «አዲሱ ውስጥ የእርስዎ ስም አለበት።»

«ይኑርበት።»

«የእኔም አለበት። ምን እንደሚጠብቁ ለእርስዎ መንገር ይገባኝ ነበር።»

«አዎ» አለ ገብረወልድ። «ይገባህ ነበር።» ግን ልዑልሰገድ ቢነግረው ኖሮስ፣ ስለ ቃርሚያ ምን ይለው ነበር? ቃርሚያ የሚባል ነገር መኖሩን ከእነዚያ ሁሉ የፕሮጀክት ወረቀቶች ውስጥ አንዱም አያነሳም። የፕሮጀክቱ ሰዎች ሌባ ገምተዋል፣ ነፋስ ገምተዋል፣ ወፍ ገምተዋል። በር ላይ ቆማ በሰላምታ የምትለምን ሴት አልገመቱም።

አሥር ሰዓት ሲሆን ሐኪሟ ወጣች። ደሙ ቆሟል። ማሕፀኗ ተርፏል። የአምስቱ ሴቶች የደም ምርመራ ለጊዜው ደህና ነው፤ እስኪወልዱ ግን እዚያው ይቆያሉ። ኤቢሴ ፊቷን በነጠላዋ ሸፍና እየተነፋረቀች ወደ መስኮቱ ሄደች። ገብረወልድ ስሙን እየጠራ ፈጣሪውን አመሰገነ፤ ቀመሪያ ግን ሐኪሟን ያዘቻት።

«ከበቆሎው ነው?» አለች።

«ሊሆን ይችላል» አለች ሐኪሟ። «ላይሆንም ይችላል። ደሟ ለመርጋት ዘግይቷል፤ ብዙ ደም የፈሰሳት ሴት ግን እንደዚያው ነው። የመጀመሪያ ልጇ ነው፣ ምጧ ረዝሟል። ምንም በቆሎ ሳይበሉ እንዲህ የሚደሙ እናቶች በየሳምንቱ ይገጥሙኛል።»

«ሌላ ምርመራ አለ? የሚለየው?»

«የለም፣ እናቴ። ማወቅ አይቻልም። ዋናው ልጅሽ ተርፋለች።»

ሐኪሟ ሄደች። ቀመሪያ አግዳሚው ላይ፣ ከገብረወልድ ራቅ ብላ ተቀመጠች። እሱ ተነሥቶ ፊቷ ቆመ። ስድስት ሰዓት ሙሉ ሲያዘጋጀው የነበረው ንግግር ጠፋበት።

«የእኔ ነው ጥፋቱ» አለ። «አንቺ የምታውቂው ነገር የለም። ሁሉም የእኔ ነው።»

«የእርስዎማ ነው» አለች። አልጮኸችም፤ ብትጮኽበት ይሻለው ነበር። «ሰኞ ማታ አልበላም ብላኝ ነበር። ሆዴ ሞልቷል፣ አስጠላኝ አለችኝ። እኔ ነኝ ለልጅሽ ስትይ ብዬ የግድ ያልኳት። አፏን ዘግታ እንኳ አስከፍቼ በእጄ ነው ያጎረስኳት፤ ሦስት ጉርሻ።» እጇን ጭኗ ላይ ዘርግታ እያየችው ነበር። «ከዚያ ነው ምጧ የመጣው።»

ገብረወልድ ምጥ በበቆሎ አይመጣም ሊላት ፈለገ፤ እሱን እንኳ ያውቅ እንደሆነ ራሱን ጠየቀና አላወቀም። ተመልሶ አግዳሚው ጫፍ ላይ ተቀመጠ። ልዑልሰገድም አንገቱን ደፋ።

በሩ ተከፈተና ነጭ የለበሰች ነርስ ብቅ አለች። «የኢፍቱ እናት ማናት? ነቅታለች! ራበኝ እያለች ነው፣ እናቴን ጥሩልኝ ትላለች። ሾርባ አለላት፣ ነይ አጉርሻት።» ሳህኑን ዘረጋችላት፤ ዳቦውን ሾርባው ውስጥ ፈትፍተውታል።

ቀመሪያ ተነሣች። እስከ በሩ በፍጥነት ሄደች፤ ሳህኑንም ተቀበለች። ከበሩ ወዲያ የኢፍቱ ድምፅ «ሀርሜ» ብሎ ተጣራ፤ እናቴ ማለቷ ነው። ቀመሪያ እዚያው ደፉ ላይ ቆመች። ወደ ውስጥ አየች፣ ወደ ሳህኑ አየች፣ ከዚያ መልሳ ለነርሷ ሰጠቻት።

«አንቺ አጉርሻት» አለች።